ከዜሮ የሚጀምር ዝርዝር

ዘሪቱ ስህተቷን ያገኘችው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሌላ ነገር ስትፈልግ ነው።

የደሴ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሒሳብ ተምራ፣ ጥቂት ዓመት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ሠርታ፣ በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ማብቂያ ላይ አንዲት ሻንጣ ይዛ አሰብ አውሮፕላን ማረፊያ ወረደች። የቀጠራት የሀጂ ሀምዳን ትራንዚት ነበር፤ ከመርከብ የወረደ ዕቃ ተረክቦ፣ ወረቀቱን አዘጋጅቶ፣ በከባድ መኪና ወደ ኢትዮጵያ የሚሸኝ ቤት። ሀጂው አርጅተው ስለነበር ቤቱን የያዘው ልጃቸው ሀሩን ነው።

የቤቱ ወረቀት ሁሉ የሚወጣው ትግሉ የሚባል ሰው ከዓመታት በፊት በፓስካል ቋንቋ ከጻፈው ፕሮግራም ነበር። ትግሉ አስመራ ከሄደ ቆይቷል። መቶ አርባ ስክሪን ትቶ ነው የሄደው፤ ጥቁር መደብ፣ አረንጓዴ ፊደል፣ ማውዝ የማያውቅ። ሀሩን ስድስት አዳዲስ ኮምፒዩተር ሲያስመጣ ዘሪቱን ጠርቶ፣ «ይሄ ሁሉ ወደ አዲሱ ይዛወርልኝ። ደንበኛ ሲመጣ የሚያየው መስኮትና ቁልፍ እንጂ ጨለማ አይሁን» አላት። አዲሱ ቋንቋ ቪዥዋል ቤዚክ ነበር።

መቶ አርባ ስክሪን በእጅ ልጻፍ ብትል ዓመት ይፈጅባታል። ስለዚህ ተርጓሚ ጻፈች። የትግሉን ፓስካል መስመር በመስመር እያነበበ፣ «እዚህ ሳጥን ሣል» ያለውን መስኮት፣ «እዚህ ይጻፍ» ያለውን መጻፊያ፣ «ከእነዚህ አንዱ ይመረጥ» ያለውን ተመራጭ ዝርዝር አድርጎ በአዲሱ ቋንቋ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። አራት ወር ፈጀባት። የመጀመሪያው ቀን ተርጓሚው ሲነሣ ስክሪኖቹ እየተከታተሉ ወጡ፤ ሠራተኛው ሁሉ ከኋላዋ ቆሞ አየ። ሀሩን ለሁሉም ለስላሳ አዘዘ። ዘሪቱ በዚያ ቀን በሕይወቷ ያልተሰማት ኩራት ተሰማት።

መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የበርሜል ጭነት ስክሪን ነበር፤ ሰኞ ተጀመረ። ትንሽ ስክሪን ናት። የዕቃው ስም ይጻፋል፤ ብዛቱ ይጻፋል፤ ከዚያ ከሁለት አንዱ ይመረጣል፦ ለምግብ የሚውል፣ መርዛማ። ከዚህ ሌላ ምርጫ የለውም። ማክሰኞ ጠዋት ወረቀት አዘጋጇ ወለተጊዮርጊስ ጠራቻት። ወለተጊዮርጊስ ሃምሳውን ያለፈች፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ወደብ ላይ ወረቀት ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት።

«ዘሪቱ፣ የምግብ ዘይት ስጽፍ ወረቀቱ ላይ ዓይነቱ ባዶ ሆኖ ይወጣል።»

ዘሪቱ ያን ቀን ሌሎች ሃያ ስክሪኖች ይዛ ነበር። አየችው፤ እውነትም ባዶ ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። «ባዶ ከሆነ ‹ለምግብ የሚውል› ብለህ አትም» የሚል አንድ መስመር ጨመረችና፣ «አሁን ይሞክሩት፣ እትዬ» አለች። ተሞከረ፤ ሠራ። ወለተጊዮርጊስ መረቀቻት።

ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ለቅዳሜ የሚደርሰውን የመድረሻ ከተሞች ስክሪን ትፈትን ነበር። ኮምቦልቻን መረጠች። የታተመው ሚሌ ነው። ናዝሬትን መረጠች፤ ኮምቦልቻ ታተመ። የመጀመሪያውን ከተማ ስትመርጥ ደግሞ ባዶ።

እጇ ማውዙ ላይ ቀረ።

አሮጌው ቋንቋ፣ ትግሉ እንደጻፈው፣ ዝርዝሩን ከአንድ ይጀምራል። አዲሱ ከዜሮ ይጀምራል። ተርጓሚዋ ይህን አላወቀም፤ ምክንያቱም እሷ አላስተማረችውም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ትክክል ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ግን ከተመረጠው በአንድ የቀደመው ነው። ከተማ ሲሆን ሰው ይስቃል፤ ይታረማል። በበርሜሉ ስክሪን ላይ ግን መርዛማን የመረጠ ሰው፣ በአንድ የሚቀድመው…

እስኪ አንድ ጊዜ ልሞክረው ብላ ከፈተችው። መርዛማ መረጠች። አተመች። ማተሚያው እየተንጫጫ ወረቀቱን ገፍቶ እስኪያወጣ የቆመችበትን አላወቀችም። «ለምግብ የሚውል» ይላል። ባዶ የሚወጣው ምግቡ ነበር፤ እሷም ማክሰኞ ባዶውን ሸፍናዋለች። ባዶው ባይሸፈን ኖሮ ሰው ይጠይቅ ነበር። አሁን ከዚህ ስክሪን የሚወጣ ወረቀት ሁሉ፣ ምንም ቢመረጥ፣ ለምግብ የሚውል ነው።

የሦስቱን ቀን ቅጂዎች ከፋይል አውጥታ አንድ በአንድ ገለጠች። ዘይት። ዘይት። የቲማቲም ድልህ። ዘይት። በመጨረሻ የረቡዕ ከሰዓቱን አገኘችው፦ «ዱቄት፣ ስልሳ በርሜል፣ ለምግብ የሚውል»። ከሥሩ የተያያዘው የመርከቡ የጭነት ዝርዝር ግን ሌላ ይናገራል። ለአንድ ጥጥ እርሻ የሚሄድ ፀረ ተባይ ነው። ዱቄት መሆኑ እውነት ነው። የወለተጊዮርጊስ ፊርማ ከታች አለ። የሹፌሩ ስም ብዙነህ፤ የተነሣው ዛሬ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት።

አሰብ ላይ የበርሜል ወረቀት ቀልድ አይደለም። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይታተም እንጂ እነዚያን ሁለት ቃላት የማይለይ ሹፌርም ጫኝም የለም። መርዛማ ከተባለ ለብቻው ይጫናል፣ ቀይ ጨርቅ ይሰቀልበታል፣ ማንም አይደገፍበትም። ለምግብ ከተባለ ከስንዴ ዱቄት ጆንያ ጋር ይጫናል፤ ሰው ይተኛበታል፤ የላላ ክዳን ካለም እጅ ይገባበታል።

ዘሪቱ ሁለቱን ወረቀቶች ይዛ ሀሩን ቢሮ ገባች። ቆማ ነገረችው። ሀሩን አልጮኸባትም። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ አነበባቸው።

«በርሜሎቹ ላይ ምልክት የለም?»

«መጋዘን ጠየቅኩ። ፀሐይና ጨው የተለጠፈውን ወረቀት ልጦታል አሉኝ። የቀረውም በማይታወቅ ቋንቋ ነው።»

«ድንበሩ ላይ፣ ቡሬ ያለው ወኪላችን ሬዲዮውን የሚከፍተው አሥር ሰዓት ላይ ነው።» ሰዓቱን አየ። «ሹፌሩ ተውፊቅ ፒክአፑን ይዞ ይሂድ። መኪናውን ያስቁመው፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አይናገር። ይሄ ነገር ከወጣ ወደቡ ፈቃዳችንን ይነጥቀናል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው የወለተጊዮርጊስ ፊርማ ነው» አለ።

ጥፋቱን በወለተጊዮርጊስ ሊያላክክ መሆኑ ገብቷታል። አፏን ከፈተች፤ ግን የአሰብ መኖሪያ ፈቃዷ በዚህ ቤት ስም የተያዘ መሆኑ፣ ደሴ ያሉት እናቷ፣ የኪራይ ቤቷ፣ ሁሉም ባንዴ መጡባትና ቃል አልወጣትም። ማለት የቻለችው፣ «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» ብቻ ነው።

ስትወጣ ወለተጊዮርጊስ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ «ምነው ፊትሽ፣ ታመምሽ እንዴ?» አለቻት። ዘሪቱ፣ «ደህና ነኝ፣ እትዬ» ብላ አለፈች። ይህ ዝምታ በኋላ ከሁሉም በላይ ያሳፈራት ነው።

ተውፊቅ የባቲ ልጅ ነው፤ ገበያው ውስጥ ከአፋሮች ጋር ስላደገ አፋርኛን እንደ አማርኛው ይናገራል። ከከተማ እስኪወጡ ምንም አልጠየቀም። የአሰብና የቡሬ መንገድ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራና ቀኙ የተቃጠለ የሚመስል ጥቁር ድንጋይ፣ ከፊት ደግሞ ሁልጊዜ የሚሸሽ የውሃ መሳይ ብልጭታ። መስኮቱን ሲከፍቱ የሚገባው ነፋስ ከምድጃ የወጣ ይመስላል።

ዘሪቱ ከፊታቸው ከባድ መኪና ባየች ቁጥር ትነሣ ነበር። ዓይኗን ስትጨፍን እጆች ይታዩዋታል፤ ክዳን የሚከፍቱ፣ የሚያቦኩ፣ ወደ አፍ የሚሄዱ እጆች። ሚሌ መጋዘን ፊት ለእርዳታ የሚሰለፉ ሴቶች ይታዩዋታል። ቁጥሩን ማስላት ጀመረች፦ በአንድ በርሜል ሃያ አምስት ኪሎ፣ አንድ ማንኪያ ስንት ሰው… እዚያ ላይ አቋረጠችው።

«ምን ጭኖ ነው ብዙነህ?» አለ ተውፊቅ በመጨረሻ።

«መርዝ ነው። እሱ ግን አያውቅም።»

ተውፊቅ ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያ «ያ ረቢ» ብሎ ነዳጁን ረገጠው።

ቡሬ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ኬላው ፊት ሠላሳ የሚሆኑ ከባድ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ ወረፋው ባይኖር ኖሮ ብዙነህ ድንበሩን አልፎ ነበር። መኪናውን አሥራ ሰባተኛው ላይ አገኙት። ሹፌሩ ተሳቢው ሥር ጥላ ውስጥ ሰሌን አንጥፎ ጋደም ብሏል። ዘሪቱ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እስክታይ ድረስ የሞተ መስሏት ነበር።

ብዙነህ ፀጉሩ የሸበተ፣ ይህን መንገድ ሃያ ዓመት የተመላለሰበት ሰው ነው። ተነሥቶ ጨበጣቸው። «ምነው በሰላም ነው?»

«ሸራውን እንግለጠው፣ ጋሼ። በርሜሎቹን መቁጠር አለብን» አለች።

ገለጡት። ከስንዴው ዱቄት ጆንያ በላይ ተደርድረዋል። ተውፊቅ ወጥቶ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ። ሃምሳ ዘጠኝ ነበሩ።

«አንድ ጎደለ» አለ ከላይ ሆኖ።

የብዙነህ ፊት ተለወጠ። «ሲጫንም ሃምሳ ዘጠኝ ነው።»

«ስልሳ ብለህ ፈርመሃል እኮ።»

«ሌሊት ነው የተጫነው። ማን ቆጠረ? ስልሳ ነው ቢሉኝ ፈረምኩ።»

ተውፊቅ እየወረደ ድምፁን ከፍ አደረገ። ብዙነህም ከፍ አደረገ። ሌሎች ሹፌሮች አንገታቸውን ያወጡ ጀመር። ዘሪቱ ሰውዬውን አየችው፤ እየዋሸ ነው፤ የሚዋሸው ግን ሌባ ተብሎ መንጃ ፈቃዱን እንዳይቀማ ፈርቶ ነው። እሷም ከሦስት ሰዓት በፊት ያንኑ ፍርሃት ፈርታ ዝም ብላለች። ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሽ ብዙነህ፣ ይቀመጡ። ስለ ስርቆት አይደለም የመጣሁት። ያ በርሜል የት እንደደረሰ ብቻ ይንገሩኝ። የሠራሁት ፕሮግራም ወረቀቱን አሳስቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእርስዎም የእትዬ ወለተጊዮርጊስም አይደለም። ምግብ አይደለም፣ ጋሼ። የጥጥ ተባይ የሚገደልበት መርዝ ነው።»

ብዙነህ አልተቀመጠም። የተሳቢውን ጎን በእጁ ያዘ። እጁን ደግሞ ወዲያው አነሣና መዳፉን ተመለከተው።

«የወተት ዱቄት መስሎኝ» አለ። «ለእርሻው ሠራተኞች የሚሄድ የወተት ዱቄት።»

«ለማን ሰጡት?»

ንጋት ላይ ጎማ ፈንድቶበት ነበር። ብቻውን ነው፤ ረዳቱ ታሞ ቀርቷል። ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ ሲያስቸግረው አንድ የአፋር ሽማግሌ ከነምራታቸው መጥተው ድንጋይ አቀብለውት፣ ሁለት ሰዓት አብረውት ደከሙ። ከብቱ በድርቅ አልቆባቸው ልጆቹ ወተት ካዩ ወር እንደሆናቸው ነገሩት። «አንዱ በርሜል ክዳኑ ላልቶ ነበር። ነጭ ነው። ከስልሳ አንድ ቢጎድል ማን ይራባል አልኩ።»

«መቼ ነው የሰጧቸው?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ።»

ከሰጣቸው አምስት ሰዓት ሊሞላው ነው። ብዙነህ መኪናውን ለጎረቤቱ ሹፌር አደራ ሰጥቶ፣ ማንም ሸራውን እንዳይነካ አስምሎ፣ ፒክአፑ ላይ ከኋላ ተንጠላጠለ። ተውፊቅ እንዲህ ነድቶ አያውቅም። ዘሪቱ የጸለየችውን ጸሎት መጨረሻ አታስታውስም፤ መጀመሪያው ላይ እየተመለሰች ነበር የምትደግመው።

መንደሩ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ነው፤ አራት የሰሌን ጎጆዎች፣ አንድ ግራር። በርሜሉን ከሩቅ አየችው። ሰማያዊ ነው፤ ግራሩ ሥር ቆሟል፤ ክዳኑ መሬት ላይ ነው። አጠገቡ አንዲት ፍየል እግሯን ዘርግታ ተኝታለች።

አፋር ሰው ሲገናኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ከየት መጣህ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፤ ወሬው በሥርዓት ይሰጣል፣ በሥርዓት ይቀበላል። ዳጉ ይሉታል። ተውፊቅ ይህን ያውቃል፤ ያን ቀን ግን መኪናው ሳይቆም በመስኮት ብቅ ብሎ ጮኸ። ሰላምታ ያልቀደመው ጩኸት ጎጆው ደጃፍ የነበረችውን የሽማግሌውን ምራት ይበልጥ አስደነገጣት። ሞሚና ትባላለች። ሁለት ልጆች ወደ ራሷ ስባ ቆመች።

ዘሪቱ አፋርኛ አትሰማም። ተውፊቅ ሲናገር፣ ሴትዮዋ ስትመልስ፣ እሷ የምታየው የልጆቹን አፍ ነበር። ከንፈራቸው ዙሪያ ነጭ ነገር እንዳለ፣ እንደሌለ። ትንሹ አውራ ጣቱን ይጠባል።

«ምን አለች? ተውፊቅ፣ ምን አለች?»

«ልጆቹ አልቀመሱም» አለ ተውፊቅ። «የእርዳታ ወተት አውቃለሁ፣ ውሃ ሲገባበት ይነጣል፣ ይሄ ግን ደፈረሰ፣ ሽታውም ሌላ ነው ትላለች። ልጆቹን ከልክላ ጎድጓዳውን አስቀመጠችው። ፍየሎቹ ግን ጠጡት። አንዷ ሞተች፤ ሁለቱ እየሞቱ ነው።»

ዘሪቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቁጭ ማለቷን ያወቀችው አሸዋው ሲያቃጥላት ነው። ተውፊቅ ግን አልጨረሰም ነበር።

«ሽማግሌው ቀምሰዋል። በእጃቸው ዘግነው አይተው፣ ሁለት ጊዜ ልሰዋል።»

ሐንፈሬ ይባላሉ፤ የሞሚና አማት ናቸው። ጎጆው ውስጥ በጎናቸው ተኝተው አገኟቸው። ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ምራቃቸው ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ የክንዳቸው ጡንቻ ከቆዳው ሥር ለብቻው ይርገበገባል። ዓይናቸውን ሲከፍቱ ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ ጠቧል። ብዙነህ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያቸው ራሱን ያዘ። ከዚያ ማንም ሳያዝዘው ገብቶ እንደ ልጅ አቀፋቸው።

መጀመሪያ መታጠብ አለባቸው፤ ይህን ዘሪቱ ታውቃለች። የፒክአፑ አንድ ጄሪካን አልበቃም። ሞሚና ቤቷ ያላትን ውሃ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በእግሯ ሄዳ ያመጣችውን፣ ምንም ሳትል አውጥታ እጃቸው ላይ፣ ጢማቸው ላይ አፈሰሰችው። ሽርጣቸውን ቀየሩላቸው። በርሜሉን ከድነው ሦስት ድንጋይ ጫኑበት፤ የሞተችውንም ፍየል ማንም እንዳይበላት ተውፊቅ ሁለቴ ደጋግሞ ነገራቸው። ከዚያ ወደ ቡሬ ተመለሱ። ዘሪቱ ከኋላ የሽማግሌውን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምራቃቸው ወደ ትንፋሻቸው እንዳይመለስ በጎን ይዛቸው ነበር። በየጉድጓዱ ትንፋሻቸው ይቆም ይመስላታል። ይቆማል። ይመለሳል።

ቡሬ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሚካል የምትባል ነርስ ነበረች። ሽማግሌውን ስታያቸው ጊዜ አላባከነችም።

«የመርዙን ስም የሚያውቅ አለ?»

ዘሪቱ የመርከቡን የጭነት ዝርዝር ከቦርሳዋ አወጣች። ስሙን ፊደል በፊደል አነበበችላት። ሚካል ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ቁም ሳጥኑን ከፍታ መርፌ አዘጋጀች። አንዱን ወጋቻቸው፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃ ሌላ ደገመች። ብዙነህንም ልብሱን አስወልቃ በሳሙና አሳጠበችው።

ከዚያ በኋላ የነበረው መጠበቅ ነው። ዘሪቱ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ትንፋሻቸው እንደ ተዘጋ ቧንቧ ጮኸ፤ ሚካል ሮጣ ገባች፤ ሦስተኛ መርፌ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ላቡ ደረቀ። አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል ሐንፈሬ ዓይናቸውን ገልጠው ተውፊቅን አንድ ነገር ጠየቁት።

«ምን አሉ?»

«ዳጉ ይጠይቁኛል» አለ ተውፊቅ። «ከየት እንደመጣሁና መንገዱ እንዴት እንደሆነ።» ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቀኝ እጃቸው ግን ጽዋ ሲይዙ እየተንቀጠቀጠ ቀረ። ሃምሳ ዘጠኙ በርሜል፣ መንደሩ ከቀረው ስልሳኛ ጋር፣ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሎበት በሌላ መኪና ሄደ፤ ከሥሩ የነበረው ስንዴ ዱቄት ሁሉ ተቀበረ። ብዙነህ የሠራውን ለሀሩን ራሱ ነግሮት ለአንድ ወር ከመንገድ ታገደ።

ዘሪቱ ከቡሬ በተመለሰች ማግሥት፣ አርብ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ወለተጊዮርጊስን ጠረጴዛዋን እያጸዳች አገኘቻት። ብዕሮቿን በላስቲክ አስራለች።

«ምን እየሆኑ ነው፣ እትዬ?»

«ፈርሜ ሰጠሁት» አለች ወለተጊዮርጊስ። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው። «ሀሩን ትላንት ጠየቀኝ። እኔ ተሳስቼ ጻፍኩት ብዬ ፈረምኩ። እውነት ይሆናል እኮ፣ ልጄ። ዓይኔ ደክሟል። መርዛማውን የነካሁ ይመስለኝ ነበር፤ ግን ማን ያውቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ሰው ሞቷል?»

ዘሪቱ ይህን እንድትሰማ አልጠበቀችም። ሴትዮዋ የተዋሸባት ሳያንስ፣ ዓይኗንና እጇን መጠራጠር ጀምራለች። «እርስዎ ትክክለኛውን ነው የመረጡት» አለች። «ያሳሳተው የእኔ ሥራ ነው። ማክሰኞ ባዶ ይወጣል ሲሉኝ መመርመር ሲገባኝ ሸፈንኩት። ሰው አልሞተም። ለመሞት ግን ትንሽ ነበር የቀረው።»

ወለተጊዮርጊስ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሀሩን ዘሪቱን ሲሰማት አቀርቅሮ ነበር። «ይህን በጽሑፍ ካስቀመጥሽ እኔ ላድንሽ አልችልም» አለ። «ፈቃድሽ በእኛ ስም ነው። ወደቡ ባለጥፋቷን ከቤትህ አውጣ ቢለኝ፣ በሳምንት ውስጥ ከአሰብ ትወጫለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ» አለች። «ትላንት ግን ከዚህ የበለጠ ፈርቻለሁ።» የጻፈችውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሀሩን አነበበው። ወለተጊዮርጊስ የፈረመችውን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ ቀደደ፤ ቁርጥራጩን ኪሱ ውስጥ ከተተው። በዚያው ቀን ስድስቱም ኮምፒዩተር ወደ ትግሉ ጥቁር ስክሪን ተመለሱ።

ወደቡ ለሁለት ሳምንት የቤቱን የበርሜል ሥራ አገደ፤ ዘሪቱን ግን የጠየቃት አልነበረም። ይህም አላሳረፋትም። በር ሲንኳኳ የሚጠሯት ይመስላት ነበር። ተርጓሚዋን አልጣለችውም፤ ነገር ግን ከሱ የወጣውን ሁሉ ከወለተጊዮርጊስ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው በእጅ ይመረምሩት ጀመር። ወለተጊዮርጊስ በአሮጌው ላይ ትመርጣለች፣ ዘሪቱ በአዲሱ ላይ፤ ሁለቱ ወረቀት ይታተማል፤ ወለተጊዮርጊስ ድምፅ አውጥታ ታነባለች። በዝርዝር ያለውን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳይዘሉ። በዚህ ሁኔታ ዘጠኝ ሌላ ስህተት አገኙ። አንዱ የሲሚንቶን ክብደት በግማሽ የሚያሳንስ ነበር።

ሐምሌ ውስጥ መቶ አርባኛው ስክሪን አለቀ። ሀሩን መጥቶ ከኋላቸው ቆመ፤ መስኮቶቹን ተመለከተ።

«እንግዲህ ሰኞ እንጀምር?» አለ።

ወለተጊዮርጊስ ወደ ዘሪቱ ዞረች። ዘሪቱ የሚሠራ መሆኑን ታውቃለች፤ ሁለቴ አይታዋለች።

«አንድ ሳምንት ጨምርልኝ» አለች።

ሀሩን ለምን ብሎ አልጠየቃትም። «እሺ» ብሎ ወጣ። ወለተጊዮርጊስ መነጽሯን ጠርጋ አደረገች፤ ከመጀመሪያው ስክሪን እንደገና ጀመሩ።